የልጆችን መጫወቻ ማንበብ፦ ለወላጆችና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የቀረበ መመሪያ

መጫወቻ ወደ ልጅ እጅ ከመግባቱ በፊት ብዙ ሰዎች ወስነውበታል። ቅርጹን የነደፈው ባለሙያ፣ ቀለሙን የመረጠው ፋብሪካ፣ በማሸጊያው ላይ የማን ልጅ ፎቶግራፍ እንደሚታተም የወሰነው የማስታወቂያ ክፍል፣ ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴ፣ በመጨረሻም ገዝቶ ወደ ቤት ያመጣው ዘመድ ስለ ቁንጅና፣ ስለ ወንድነትና ሴትነት፣ ስለ ሥራና ስለ ሀብት ያላቸው ግምት በዕቃው ላይ ይቀራል። በእጅ የተሠራውም መጫወቻ ከዚህ አያመልጥም፤ የጨርቅ ኳስ የሚጠቀልል ታላቅ ወንድምና ለልጇ የጨርቅ አሻንጉሊት የምትሰፋ እናት ከአካባቢያቸው የወረሱትን ሐሳብ አብረው ይጠቀልላሉ፣ አብረውም ይሰፋሉ። ልጅ ይህን የሚቀበለው በምክር መልክ አይደለም። ደጋግሞ በመያዝ፣ በማልበስ፣ በመግፋት፣ በማሸነፍና በመሸነፍ ስለሚለማመደው፣ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ማን ቆንጆ እንደሚባል፣ ማን እንደሚያበስል፣ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ ያውቃል።

ይህ መመሪያ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን አንድን መጫወቻ ከመግዛታቸው፣ ከመስጠታቸው ወይም ከመከልከላቸው በፊት መልእክቱን እንዲለዩ የሚያግዝ ነው። ጥያቄዎቹ መርካቶ ወርዶ ለሚሸምት ወላጅም፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብም ያገለግላሉ። ሁሉንም ጥያቄ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ለአንዳንዱ መጫወቻ ዋናው ነገር ፊቱ ነው፣ ለሌላው ሕጉ፣ ለሌላው ደግሞ የሚወጣበት ቀን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዕቃው ጀምሩ

መጫወቻውን ከማሸጊያው አውጡና ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ቢሰበር ማን ሊጠግነው እንደሚችል ጠይቁ። የሽቦ መኪናን እንውሰድ። ልጁ ሽቦውን ከወዳደቀ ዕቃ ይለቅማል፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ አጣጥፎ አካሉን ይሠራል፣ ለጎማው የጠርሙስ ቆርኪ ወይም የጣሳ ክዳን ይፈልጋል፣ ቆሞ እየሮጠ እንዲነዳውም ረጅም መሪ ያበጅለታል። ይህን ለመሥራት የሠፈሩን የጭነት መኪና አስተውሎ ማየት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሽቦ መለዋወጥ፣ ከታላላቆቹ ዘዴ መቅዳት ነበረበት። መኪናው ሲጣመም የሚያቃናውም እሱ ነው። እንዲህ ያለው መጫወቻ ለልጁ የሚነግረው ነገር ግልጽ ነው፦ በዙሪያህ የምታየው ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ ነው፣ አንተም ካለህ ነገር ተነሥተህ የሌለህን ልታበጅ ትችላለህ።

በባትሪ የሚሄደው መኪና ሌላ ነገር ይናገራል። ቁልፉን ሲጫኑት ይበራል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል፤ የልጁ ድርሻ መመልከት ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጨዋታው ያበቃል፣ ሲሰበር ይጣላል፣ ምትኩም ከሱቅ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሽቦ መኪና የሠራ ልጅ ብዙ ጊዜ የሠራው ቤተሰቡ መግዣ ስላልነበረው ነው፤ ያንን ችግር ዛሬ በናፍቆት ማስዋብ ተገቢ አይመስለኝም። ፕላስቲክም በራሱ ክፉ አይደለም። የዴንማርኩ የመጫወቻ ኩባንያ ሌጎ በ1958 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጡብ አሁን ከሚመረተው ጡብ ጋር ይገጣጠማል፤ አባት የተጫወተበትን ልጅ ሊቀጥልበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያ ይሆናችሁ ዘንድ ይህን ጠይቁ፦ ልጁ በዚህ ዕቃ ፋብሪካው ያላሰበውን ምን ያህል ጨዋታ ሊፈጥር ይችላል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ዕቃው ለልጁ ከተመልካችነት የበለጠ ቦታ አልሰጠውም።

ከምን እንደተሠራ ካያችሁ በኋላ ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። በጋምቤላና ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳን የሚኖሩ የኑዌር ልጆች ከጭቃ ከብት ይሠራሉ። ከብት የሀብት፣ የጋብቻና የክብር መሠረት በሆነበት ማኅበረሰብ ልጅ መጀመሪያ የሚያበጀው በሬ መሆኑ አያስገርምም። በከተማ የሚያድገው ሕፃን የሳሙና ካርቶን በጆሮው ላይ አድርጎ ስልክ ያወራል፣ ያውም የእናቱን ወይም የአባቱን የድምፅ አነጋገር ሳያዛባ። ልጃችሁ ማንም ሳያዘው ደጋግሞ የሚሠራውን ዕቃ ልብ በሉ፤ በቤታችሁ ውስጥ የሚከበረው ምን እንደሆነ ያሳያችኋል።

አሻንጉሊትን ከፀጉሯ እስከ ዕቃዎቿ መመልከት

ከመጫወቻዎች ሁሉ የሰውን መልክ የያዘችው አሻንጉሊት አብዝታ ስለምትናገር በእሷ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰድ ይገባል።

በ1940ዎቹ ኬኔዝ ክላርክና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ከቆዳ ቀለም በቀር በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ አሻንጉሊቶችን ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች እያሳዩ ጥሩዋን፣ መጥፎዋንና እነሱን የምትመስለውን እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ከልጆቹ የሚበዙት ነጯን መረጡ፣ ጥቁሯንም መጥፎ አሏት። ይህ ጥናት በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ በወሰነበት የብራውን ጉዳይ ከተመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። ልጆቹን እንዲህ እንዲፈርዱ ያደረገቻቸው አሻንጉሊቷ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከጎዳና፣ ከትምህርት ቤትና ከጎልማሶች ንግግር የሰበሰቡትን ፍርድ በእሷ ላይ አሳዩት። ስለዚህ ጥቁር አሻንጉሊት ገዝቶ ማምጣት ጥሩ ጅምር ቢሆንም፣ በዚያው ቤት «ጠይም ብትሆንም ታምራለች» የሚል አነጋገር ከቀጠለ የአሻንጉሊቷ ድምፅ ይዋጣል።

ይህን ሙከራ ግን በልጃችሁ ላይ አትድገሙት። ከተጠየቁት ልጆች መካከል የምትመስላቸውን አሻንጉሊት እንዲያሳዩ ሲታዘዙ አልቅሰው ከክፍሉ የወጡ እንደነበሩ ክላርክ ራሱ ተናግሯል። «የትኛዋ ታምራለች?» ብሎ መጠየቅ ከሁለቱ አንዷ አታምርም ብሎ መንገር ነው። የተሻለው መንገድ ልጅቷ በራሷ ፈቃድ ስትጫወት ማዳመጥ ነው፦ አሻንጉሊቶቹን ምን ስም ታወጣላቸዋለች? ማንን ሙሽራ፣ ማንን ሐኪም፣ ማንን ሠራተኛ ታደርጋለች? በምን ቋንቋ ታናግራቸዋለች? በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ነጯን አሻንጉሊት በእንግሊዝኛ፣ ጠይሟን በአማርኛ ቢያናግሩ፣ ወይም የታዛዥነቱ ቦታ ሁልጊዜ ለአንዷ ብቻ ቢሰጥ፣ ከየትኛውም መጠይቅ የበለጠ መረጃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ባርቢን የመሰለች ታዋቂ አሻንጉሊት ስታገኙ ታሪኳን ጭምር አንብቡ። በ1959 ለገበያ ስትቀርብ ለሴት ልጅ የሚሰጠው አሻንጉሊት ባብዛኛው ሕፃን ነበር፤ ልጅቷም የምትለማመደው እናትነትን ነበር። ሩት ሃንድለር በማቴል ኩባንያ ያስተዋወቀቻት ባርቢ ግን የራሷ ልብስና ሥራ ያላት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ልጅቷ ነገ ምን እንደምትሆን እንድታስብ የሚጋብዝ ሐሳብ ነው። በአንጻሩ የባርቢ ሰውነት በሕይወት ካለች ሴት ጋር የማይመጣጠን ቀጭን ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል፤ ረጅም፣ አጭርና ሞላ ያለ ሰውነት ያላቸው የመጡት በ2016 ነው። ኩባንያው በ1968 ክሪስቲ የተባለች ጥቁር ጓደኛ ጨምሮላታል፤ ራሷ ባርቢ ጥቁር ሆና የቀረበችው ግን በ1980 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ጥቁሯ የዋናዋ ጓደኛ ነበረች። ከዚህ የምትወስዱት የንባብ ዘዴ አለ፦ በመጫወቻው ዓለም ውስጥ ማን መኖሩን ብቻ አትመልከቱ፣ ማን ዋና ማን አጃቢ እንደሆነም ለዩ። ሌጎ በ1978 ትንንሽ ሰዎቹን ቢጫ ያደረጋቸው የማንም ዘር መልክ እንዳይኖራቸው በማሰብ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእውነተኛ ሰዎች አምሳል መሥራት ሲጀምር ግን የቆዳ ቀለም መጨመር ግድ ሆነበት።

እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በአሻንጉሊት ላይ የራሱን ሥርዓት ያለብሳል። በ2003 በአረቡ ዓለም ገበያ የወጣችው ፉላ ዓባያና ሻሽ ለብሳ፣ ስግደት የሚሰገድበት ምንጣፏ ሳይቀር ቀርባ በብዙ አገሮች በስፋት ተሸጣለች፤ በናይጄሪያ ደግሞ የአፍሪካ ንግሥቶች የሚባሉት አሻንጉሊቶች የአገሪቱን ብሔረሰቦች አልባሳትና የፀጉር አሠራር ይዘው ወጥተዋል። ከገልፍ አገሮች ወይም ከአሜሪካ የመጣች አሻንጉሊት በእጃችሁ ስትገባ ልብሷ የየትኛው አገር ሥርዓት እንደሆነ ለልጃችሁ በቀላል ቃል ንገሯት። የሀበሻ ቀሚስ ሰፍታችሁ ብታለብሷትም ልጅቷ እንግዳይቱን ወደ ቤተሰቡ እንዳስገባቻት ትቆጥረዋለች።

ፀጉር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአሻንጉሊቷን ፀጉር ሹሩባ መሥራት ይቻላል? ወይስ ለስላሳና ረጅም ሆኖ ለማበጠሪያ ብቻ የተሠራ ነው? ሹሩባ በእናትና በልጅ፣ በእህትማማቾችና በጎረቤት ሴቶች መካከል ረጅም ጨዋታ የሚካሄድበት ጊዜ ስለሆነ፣ ፀጉሯ የማይሠራ አሻንጉሊት ይህን ሁሉ ጨዋታ ታስቀራለች። አብረዋት የሚመጡትም ዕቃዎች እንዲሁ ይናገራሉ። ከሕፃን አሻንጉሊት ጋር ጡጦና ጋሪ ሲመጣ ሕፃን በጠርሙስ እንደሚጠባና በጋሪ እየተገፋ እንደሚሄድ ተነግሯል። በእኛ አገር ልጅቷ ማንም ሳያስተምራት አሻንጉሊቷን በነጠላ አዝላ እሹሩሩ እያለች ትወዘውዛለች። ጋሪውን መጣል አያስፈልግም፤ ነጠላውን ወይም ማዘያውን ከጎኑ አስቀምጡና ልጅቷ የምትመርጠውን ተመልከቱ።

ዕቃቃን በጥሞና መስማት

ስለ ራሳችን ማኅበረሰብ ከማንኛውም የፋብሪካ መጫወቻ አብልጦ የሚናገረው ዕቃቃ ነው። ቆርኪው ስኒ፣ ጭቃው ጀበና፣ ቅጠሉ ወጥ፣ አሸዋው ጤፍ ይሆናል። ቡናው ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይዛነፍ ይቀዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። እንግዳው «በቃኝ» ቢል «በሞቴ» ተብሎ ይለመናል፣ ጉርሻውም ይከተላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ትምህርት ነው፤ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር፣ ትልቅ ሰው ከማን በፊት እንደሚቀርብለት፣ ትንሽ ምግብ ለብዙ ሰው እንዴት እንደሚብቃቃ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተካቷል። እኔ በበኩሌ በአገራችን ከዚህ የበለጠ የተሟላ የልጆች መጫወቻ አላውቅም።

ይኸው ጨዋታ የማንወደውንም ሳይደብቅ ያሳየናል። አባት የሆነው ልጅ «ሥራ ሄድኩ» ብሎ ዞር ብሎ ይመለስና ራት ይጠይቃል፤ እናት የሆነችው ስትንጎዳጎድ ትውላለች። ሠራተኛ የምትሆነው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ትንሿ ወይም ከቡድኑ መካከል አቅመ ደካማዋ ናት፣ የሚነገራትም ቃል በቤት ውስጥ ለእውነተኛዋ ሠራተኛ ከሚነገረው አይለይም። ይህን ስትሰሙ ጨዋታውን አቋርጣችሁ አትቆጡ፤ ከተቆጣችሁ ልጆቹ ጨዋታውን ወደ ጓሮ ይወስዱታል እንጂ አይለውጡትም። እንግዳ ሆናችሁ ግቡ። ቁጭ በሉና አባትየውን «ዛሬ ቡናውን አንተ አፍላልን» በሉት፣ ሠራተኛይቱንም «አንቺም ነይ አብረሽን ጠጪ» ብላችሁ ጥሯት። በጨዋታ ውስጥ የተሰጠ ሐሳብ ልጆቹ ያለ ክርክር ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ለቤቱ አዋቂዎች ነው፤ ልጆቹ የሚቀዱት ከእነሱ ስለሆነ።

የማሸጊያውን ፍርድ መለየት

በሱቅ መደርደሪያ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ማሸጊያው ነው። ሮዝና ሐምራዊ በአንድ ወገን፣ ጥቁር ሰማያዊና ቀይ በሌላ ወገን ተደርድረው ስታዩ፣ በሮዙ ካርቶን ላይ ያለችው ልጅ ምን እያደረገች እንደሆነ፣ በሰማያዊው ላይ ያለው ደግሞ ምን እያደረገ እንደሆነ አወዳድሩ። አንዷ ታለብሳለች፣ ታበስላለች፣ ትንከባከባለች፤ ሌላው ይገነባል፣ ይነዳል፣ ይዋጋል። ሁለቱም ሙያዎች ለማንኛውም ልጅ ይጠቅማሉ፤ ጉዳቱ ክፍፍሉ ነው።

ድምፅ የሚያሰማ መጫወቻ ከሆነ የሚላቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ሳትገዙ አዳምጡ። በ1992 የወጣች አንዲት ተናጋሪ ባርቢ ከምትላቸው ነገሮች አንዱ የሒሳብ ትምህርት ከባድ ነው የሚል ነበር፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበርና ሌሎች ተቃውሞ ስላሰሙ ኩባንያው ያንን አባባል አስወጥቶታል። ሌጎም በ2012 ለሴት ልጆች ብሎ ባወጣቸው ስብስቦች ብዙ ትችት ደርሶበት፣ በ2014 ሴት ሳይንቲስቶችን በቤተ ሙከራ የሚያሳይ ስብስብ ሲያወጣ ዕቃው ፈጥኖ አልቋል። ኩባንያዎች ገዢ ሲናገር ይሰማሉ ማለት ነው፤ ይህ ለእኛም ነጋዴዎች ይሠራል። የመጫወቻ ሱቅ ባለቤትን «ጠይም አሻንጉሊት የለዎትም?» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ነጋዴ የሚያስመጣው የሚጠየቀውን ነው። በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች በወንድና በሴት ያልተከፈለ የመጫወቻ ክፍል እንዲኖራቸው የሚያዝ የክፍለ ግዛት ሕግ እንዳለ ይወቁ።

ሕግ ያለው ጨዋታ ሲሆን

በሰሌዳ ወይም በቡድን የሚደረግ ጨዋታ ዋና መልእክቱን የሚሸከመው በሕጉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥዕሉን ትታችሁ ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። ሞኖፖሊ በሚባለው ጨዋታ የሚያሸንፈው ሌሎቹን ሁሉ ያከሰረ ነው። የዚህ ጨዋታ መነሻ የሆነውን ሰሌዳ ኤሊዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት በ1904 የፈጠራ መብት አግኝታበታለች፤ ዓላማዋም መሬትን በጥቂቶች እጅ ማከማቸት ምን ያህል እንደሚጎዳ ማሳየት ነበር። የአንዱ ሀብት ለሁሉም የሚተርፍበት ሌላ ዓይነት ሕግም አዘጋጅታለት ነበር። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን በሰፊው ሲያሠራጭ የቀረው የማክሰሩ ሕግ ብቻ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሕጉ ብቻ ሲለወጥ ጨዋታው ተቃራኒውን ያስተምራል፤ እናንተም በቤታችሁ ሕጉን ለውጣችሁ ሁለቱን ዓይነት አጫውቷቸውና ልጆቹ በየትኛው እንደተደሰቱ፣ በየትኛው እንደተጣሉ ተነጋገሩ።

ገበጣን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በብዙዎቹ የአጨዋወት ዓይነቶች ተጫዋቹ ጠጠሩን ከጉድጓዱ አንሥቶ አንድ አንድ እያለ ይዘራል፣ ዞሮም ወደ ባላጋራው ወገን ይጥላል፤ ሳይሰጥ መጫወት አይችልም። ጠጠሮቹ በመልክ የማንም አይደሉም። ቆጥሮ፣ አስቀድሞ አስቦ፣ የሌላውን እጅ አስተውሎ ማሸነፍ እንጂ ዕድል ብዙ ቦታ የለውም። መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በለቀማ ጠጠር ስለሚካሄድ ድሃውም ባለጸጋውም እኩል ይቀመጡበታል።

የገና ጨዋታ ደግሞ ከሕጉ ይልቅ በሚፈቅደው ነገር ይታወቃል። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ በሚሻኮቱበት ሜዳ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሎሌው ጌታውን ቢገፋ፣ በግጥም ቢሰድብ ለዚያን ቀን ቂም የለም። የደረጃ ልዩነት ጥብቅ በነበረበት ኅብረተሰብ አንድ ዱላና አንዲት ትንሽ ኳስ ሥርዓቱን ለአንድ ቀን ያላሉት ነበር። ለልጆች ስታስተምሩት ይህን ታሪክ አብራችሁ ንገሯቸው፤ ያለ ታሪኩ ሲጫወቱት ከሌላ የኳስ ጨዋታ አይለዩትም።

መጫወቻውና ቀኑ

አንዳንድ መጫወቻ ትርጉሙን የሚያገኘው ከሚወጣበት ቀን ነው። ነሐሴ 13 በሚከበረው ደብረ ታቦር፣ በቡሄ፣ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት በታቦር ተራራ የተሰማውን የእግዚአብሔር አብ ድምፅ ያስታውሳል፤ ችቦው በዚያ የታየውን ብርሃን፣ ሙልሙሉ ደግሞ ለእረኞቹ የተወሰደውን ዳቦ ያሳስባል። ልጁ ጅራፉን ሲገምድ፣ በሆያ ሆዬ ደጃፍ ለደጃፍ ሲዞርና ምርቃት ሲቀበል ከሰፈሩ ሰው ጋር ይተዋወቃል። ጅራፉን በኅዳር ብትሰጡት ገመድ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ቤተሰቦች ስለዚህ ዕቃውን ብቻ በፖስታ ከማስመጣት ይልቅ ቀኑን ጠብቁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልጆች ጋር አብራችሁ አውጡት፣ ሙልሙሉንም ጋግሩ። ጅራፉ የወንዶች፣ የአዲስ ዓመቱ አበባየሆሽ የሴቶች ሆኖ መቆየቱንም ልጆቻችሁ ይጠይቋችሁ ይሆናል፤ ልማዱ እንዲህ እንደነበረ በእውነት መልሱላቸውና እህትየዋም ጅራፍ ማጮኽ ከፈለገች አትከልክሏት።

ስለ ጠመንጃና ሽጉጥ

የጦር መሣሪያ መጫወቻ ከሌሎቹ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ያለ ልጅ ከእንጨት ጠመንጃ ሠርቶ ቢተኩስ ያየውን በሚችለው መንገድ እየተናገረ ስለሆነ፣ ዕቃውን ነጥቆ መጣል አፉን መዝጋት ይሆናል። አብራችሁት ተቀመጡ፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ጠይቁት፣ ፍርሃቱ ከበዛና እንቅልፍ ከነሳው ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ማንንም ጠላት በብሔር ወይም በሃይማኖት ስም ሲጠራ ብትሰሙ ግን ዝም አትበሉ፤ ያ ስም ከአዋቂ የተሰማ ነውና ምንጩን ፈልጉ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የምናገረው ከዚህ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በዚያ አገር የመጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ሕግ ያዛል፤ ነገር ግን በ2014 በክሊቭላንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ እውነተኛ የሚመስል መጫወቻ ሽጉጥ የያዘ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በፖሊስ ጥይት ተገድሏል። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንዱ ልጅ እጅ ጨዋታ፣ በሌላው እጅ አደጋ ተብሎ ይነበባል። ልጃችሁ በአደባባይ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ አድርጉ፣ ምክንያቱንም እንደ ዕድሜው መጠን ሳትሸሽጉ አስረዱት።

ስጦታ ሲመጣና ክፍል ሲደራጅ

ከውጭ የመጣች አክስት ወይም አጎት የማትወዱትን መጫወቻ ቢሰጥ በልጁ ፊት አትንቀፉ፤ ልጁ የሚያስታውሰው የሰጪውን ውርደት ይሆናል። አመስግናችሁ ተቀበሉና ለሚቀጥለው ጊዜ «እትዬ፣ ልጅቷ አሁን መገጣጠም በጣም ትወዳለች» ብላችሁ ፍላጎቷን አስቀድማችሁ ንገሩ። ዘመድ ስጦታ የሚመርጠው ባብዛኛው ሳያውቅ በመገመት ስለሆነ ደስ ብሎት ይቀበላችኋል።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ማን በየትኛው ጥግ እንደሚጫወት በማስታወሻ ያዙ። የዕቃቃው ጥግ የሴቶች፣ የጡቡ ጥግ የወንዶች ሆኖ ካገኛችሁት «ተቀላቀሉ» ብሎ ማዘዝ ብዙም አይሠራም። ሁለቱን ጥጎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጉና ለአሻንጉሊቶቹ ቤት የሚሠራላቸው እንዲያስፈልግ አድርጉ። ከየቤቱ አንድ በእጅ የተሠራ መጫወቻ እንዲመጣ ጠይቁ፤ የሠራው አያት ወይም ጎረቤት መጥቶ አሠራሩን ቢያሳይ ደግሞ ይበልጣል። በክፍሉ ውስጥ የተለያየ ብሔረሰብና ሃይማኖት ልጆች ካሉ አንዱን ልብስ «ባህላዊ»፣ ሌላውን ተራ አድርጎ ከማሳየት ተጠንቀቁ።

ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ሲሞላው ንባቡን አብራችሁ ጀምሩ። ማስታወቂያ ሲታይ ወይም ሱቅ ስትገቡ «ይህን ለማን የሠሩት ይመስልሃል? ካርቶኑ ላይ የሌለው ማን ነው? እኛ ብንሠራው ኖሮ ምን እንለውጥ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፣ የሚሰጣችሁንም መልስ ሳታርሙ አድምጡ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካለው ሽቦውን፣ ጨርቁን ወይም ካርቶኑን ስጡትና የተለወጠውን መጫወቻ ራሱ ይሥራው።